ዘፈን የሌለው የህንድ ፊልም

እናቴ የህንድ ፊልም የምትወደው ለዘፈኑ ነበር። ሂንዲ አታውቅም፤ ከግርጌ የሚመጣውን እንግሊዝኛም አታነብም። በወጣትነቷ ሲኒማ ቤት ገብታ አልቅሳ ስትወጣ፣ ለምን እንደምታለቅስ የሚነግራት ዘፈኑ ነበር። ስለዚህ አንድ የክረምት ማታ «ኢተፋቅ» የሚል ካሴት ተከራይቼ ስገባና ዘፈን እንደሌለው ስነግራት፣ «ታዲያ ምኑን ህንድ ሆነ?» ብላ ወደ እንዝርቷ ተመለሰች።

ያን ሰሞን ከምሠራበት መሥሪያ ቤት ተቀንሼ ነበር። ለእናቴ አልነገርኳትም። በየጠዋቱ ከረባቴን አስሬ እወጣለሁ፣ ማታ ደክሞኝ እገባለሁ።

«ኢተፋቅ» አጋጣሚ ማለት ነው። ያሽ ቾፕራ እ.ኤ.አ. በ1969 ዳይሬክት ያደረገው፣ ታላቅ ወንድሙ ቢ. አር. ቾፕራ ፕሮዲዩሰር የሆነበት ፊልም ነው። ሌላ ፊልማቸው ተዋናይቷ ታማባቸው ቀረጻው ቢቆም ጊዜ፣ ይህን ከአንድ የጉጅራቲ ተውኔት ወስደው በአንድ ወር ገደማ ጨረሱት ይባላል። ኋላ በ«ሲልሲላ» ፍቅረኞችን በአበባ መስክ ላይ ያዘፈነው ያሽ ቾፕራ ይህን መሥራቱ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። የፊልምፌርን የምርጥ ዳይሬክተር ሽልማትም አግኝቶበታል። ግን በዚያው ዓመት «አራድና» ወጣና ህንድ በራጄሽ ካና አበደች፤ እሱው ራሱ የሚተውንበት ይህኛው ተረሳ። በ2017 በአዲስ ተዋንያን ሠርተውታል፤ ዋናውን አያክልም።

ሚስቱን ገድሏል የተባለ ሠዓሊ ከአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ያመልጥና፣ በውድቅት ሌሊት ብቻዋን ካለች ሴት ቤት ይገባል። ባሏ ለሥራ ወጥቷል። ፊልሙ ባመዛኙ ያ ቤትና ያ ሌሊት ነው። ሌላ ፊልም ቢሆን ዘፈን በሚገባበት ቦታ፣ እዚህ ሁለት ሰዎች ዝም ብለው ይተያያሉ።

ሴትዮዋ ናንዳ ናት። ናንዳን ደግሞ ከ1959ኙ «ቾቲ በሄን» ጀምሮ ተመልካች የሚያውቃት በየዋህ እህትነቷ ነው። ማን ይጠረጥራታል? እኔ ከግርጌ ያለውን እያነበብኩ እተረጉማለሁ፤ እንዲህ አላት፣ እንዲህ አለችው። እንዝርቱ ከቆመ ቆይቷል።

«ዝም በል እስቲ» አለችኝ እናቴ። «ይቺ ሴትዮ የምትፈራው እሱን አይደለም።»

«እብድ ቤቷ ገብቶባት?»

«እንጃ። ብቻ ሌላ ነገር አለባት።»

ሳቅሁባት። እንግሊዝኛውን የማነበው እኔ ነኛ! መጨረሻውን እዚህ አልነግራችሁም፣ ማየት የሚፈልግ ይኖራል። ፊልሙ ሲያልቅ ግን እናቴን ቀና ብዬ ለማየት አፈርኩ።

እሷ ምንም አላለችም። ተነስታ የሻይ ብርጭቆዎቹን መሰብሰብ ጀመረች።

«አንተስ» አለችኝ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ «ይሄን ሰሞን የት ነው የምትውለው?»

ነገርኳት። በማግስቱ ከረባት አላሰርኩም።