የብርሃን እሑድ

የገና ጾም ሲገባ ብዙዎቻችን የምንቆጥረው የቀረውን ቀን ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ከኅዳር 15 ጀምሬ ሽሮና ምስር እየበላሁ የዶሮውን ቀን አሰላለሁ። ደስታ የሚባል ነገር ሁሉ በዓሉ ላይ ተቀምጦ የሚጠብቀኝ ይመስለኝ ነበር።

በ2017 ዓ.ም. ግን መቁጠሩም አስጠላኝ። በክረምቱ የእናቴ ዓይን ጨርሶ ጠፍቶ ነበር። ግላኮማ የወሰደው ብርሃን እንደማይመለስ ሐኪሙ ቀስ አድርጎ ነገረን። እሷ «ተመስገን» ብላ ነጠላዋን አስተካከለች። እኔ ተናደድኩ። አፌ ቢጾምም ልቤ ከፈጣሪ ጋር ተኳርፎ ነበር።

ቤተ ክርስቲያናችን ከገና በፊት ያሉትን ሦስት እሑዶች በስም ትጠራቸዋለች፤ ስብከት፣ ብርሃን፣ ኖላዊ። ነቢያት ይመጣል ብለው የሰበኩለት፣ በጨለማ ላሉት የሚያበራ፣ መንጋውን የማይተው እረኛ፤ ሁሉም ስለ አንዱ ነው። እኔ ዶሮውን ስቆጥር እናቴ እነዚህን እሑዶች ስትቆጥር ኖራለች።

ታኅሣሥ 20 ብርሃን ዋለ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ቀሰቀሰችኝ።

«ተነሥ ልጄ፣ ቅዳሴው እንዳያመልጠን።»

«ምን ልታዪ ነው?» ልላት ቃጣኝና ዋጥኩት። ክንዷን ይዤ ወጣን። ቁልቁለቱ ጋ ስንደርስ የሰፈሩ መብራት ድርግም አለ። ስልኬን ቤት ረስቼዋለሁ። ሁለት እርምጃ ሳልሄድ አንድ እግሬ ቦይ ውስጥ ገባ።

«ምነው ቆምክ?»

«መብራት ጠፋ እማዬ። ምንም አይታየኝም።»

ጥቂት ዝም አለች። ከዚያ ሳቋ መጣ። «ዛሬስ እኩል ሆንና!»

እጄን ከክንዷ አንሥታ ትከሻዋ ላይ አኖረችውና ከፊት ቀደመች። አርባ ዓመት የተመላለሰችበት መንገድ ነው። «እዚህ ጋ ድንጋይ አለ፣ እግርህን አንሣ። ይኼ የወፍጮ ቤቱ አጥር ነው። አሁን ወደ ቀኝ።» እንደ ሕፃን ተከተልኳት። በመካከሉ እኔም ሳቄ አመለጠኝ። ከክረምቱ ወዲህ የራሴን ሳቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ቅጽሩ ውስጥ ጧፍ በርቷል። እኔ ብርሃኑን አየሁ፤ እሷ በሽታው ለየችው። «በራ አይደል?» አለችኝ። «በራ» አልኳት፤ እንባዬ ግን ድምፄን አወላገደው። ለወራት የሸሸኝ ጸሎት ያን ጠዋት ሳልጠራው መጣ።

ዓይኗ አልተመለሰም። ለምን እንደ ጠፋም ዛሬ ድረስ አልገባኝም። ገናም ቢሆን ገና 9 ቀን ይቀረው ነበር፤ ዶሮው አልታረደም፣ ጠላው አልተጠመቀም። ደስታው ግን በዓሉን ሳይጠብቅ በጨለማው መንገድ ላይ አገኘኝ።

በሳምንቱ ኖላዊ ነበር። ያን ሌሊት ቀስቃሹ እኔ ሆንኩ።