የአባቷ ሌንስ ወደ አርቦዬ ተመለሰ

እስቲ አንድ ጊዜ ቁም ሣጥናችሁን ከፍታችሁ ተመልከቱ። ከላይኛው መደርደሪያ፣ ከጋቢውና ከሠርጉ አልበም ጀርባ፣ ለዓመታት ማንም ያልነካው የቆዳ ማኅደር አለ? በብዙ ቤት የአባት ወይም የአጎት ካሜራ እንዲህ ተቀምጧል። የፊልም ዘመን ስላለፈ ካሜራውም አብሮ ተረስቷል። እኔና ባለቤቴ ባለፈው ኅዳር ወደ አርሲ፣ ወደ አርቦዬ የተጓዝነው እንዲህ ያለውን የተረሳ ዕቃ ይዘን ነው። ያየነውን ላጫውታችሁ።

እውነቱን ለመናገር ነገሩ የጀመረው በጭቅጭቅ ነው። አርቦዬ የባለቤቴ የትውልድ ስፍራ ናት። እናቷ፣ እኔም "እማማ" የምላቸው፣ ዛሬም እዚያው ይኖራሉ፤ ዕድሜያቸውም ገፍቷል። ባለቤቴ ሁልጊዜ የምታነሣው አንድ ቅሬታ ነበራት። "እማዬ ፎቶ ላይ እማዬን አትመስልም" ትላለች። እውነቷን ነው። እማማ ካሜራ ሲያዩ ነጠላቸውን ያስተካክላሉ፣ እጃቸውን ወደ ጎን ያወርዳሉ፣ ፊታቸውን እንደ መታወቂያ ፎቶ ያደርቃሉ። ያ ሳቃቸው፣ ያ ወሬ ሲጀምሩ የሚያነሡት ቅንድብ የትም የለም።

እኔም "መፍትሔው ከሩቅ ማንሣት ነው" አልኩና፣ ያገለገለ ገዝቼ ለምጠቀምበት ካነን ዲጂታል ካሜራዬ ረጅም ሌንስ ለመግዛት ተነሣሁ። ዋጋው የብዙ ወር ደመወዜ ነበር። ባለቤቴ ያለን ገንዘብ ለልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ የተቀመጠ መሆኑን አስታወሰችኝ። እኔም "ለእናትሽ ብዬ እኮ ነው" አልኳት። ባልና ሚስት የሆናችሁ ሁሉ እንዲህ ያለው "ለአንቺ ብዬ" የት እንደሚያደርስ ታውቁታላችሁ። ሁለት ቀን ተኮራረፍን።

በሦስተኛው ቀን ባለቤቴ አንድ የቆዳ ማኅደር አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። "አባዬ ሩቅ ያለ ነገር የሚያነሣው በዚህ ነበር። መጀመሪያ ይህን ሞክር፤ አልሆን ካለ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን" አለችኝ።

ከማኅደሩ የወጣው

የባለቤቴ አባት የግብርና ባለሙያ ነበሩ። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ለሥልጠና ወደ ሶቪየት ኅብረት ተልከው ሲመለሱ ዜኒት ካሜራ ይዘው መጡ። ዜኒት በሞስኮ አቅራቢያ በክራስኖጎርስክ ፋብሪካ የሚሠራ ካሜራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1965 መመረት የጀመረው ዜኒት-ኢ የተባለው ዓይነት ብቻውን ከ3 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። ከካሜራው ጋር በማኅደሩ ውስጥ ጁፒተር-37ኤ የሚባል ባለ 135 ሚሊ ሜትር ሌንስ ነበረ። የመለያ ቁጥሩ በ80 ይጀምራል። በአብዛኞቹ የሶቪየት ሌንሶች ላይ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሐዞች የተሠሩበትን የፈረንጅ ዓመት ስለሚያሳዩ የእኛው እ.ኤ.አ. በ1980 የተሠራ መሆን አለበት። ሁለመናው ብረትና መስታወት ነው። ሞተር የለውም፣ ኤሌክትሪክ የለውም፣ የሚበላሽ ሽቦም የለውም።

እንዲህ ያለ ሌንስ ስታገኙ መጀመሪያ ወደ ብርሃን አድርጋችሁ ውስጡን እዩ። እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ ነጭ ክር ካያችሁ ሻጋታ ነው። ሻጋታ የሚወደው ጨለማና እርጥበት ስለሆነ፣ ክረምቱን ሙሉ በቆዳ ማኅደር የታፈነ ሌንስ በቀላሉ ይያዛል። የእኛው ዳር ዳሩን ትንሽ ብቻ ነክቶት ነበር። ፎቶ የማያበላሽ ከሆነ ለመፍታት አትቸኩሉ። ከማኅደሩ አውጥታችሁ አየር በሚያገኝበት ቦታ አኑሩት፤ አዲስ ጫማ ስትገዙ ከካርቶኑ ውስጥ የምታገኟትን እርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢት አጠገቡ አስቀምጡ።

አሮጌውን ከአዲሱ የምታገናኝ ቀለበት

የዜኒት ሌንስ እንደ ጠርሙስ ክዳን ተጠምዝዞ የሚገባ ነው፤ የጥርሱ ስፋት 42 ሚሊ ሜትር ነው። የዛሬዎቹ ካሜራዎች ግን እንዲህ ያለ ጥርስ የላቸውም። በመካከላቸው የምትገባ አንዲት የብረት ቀለበት ያስፈልጋል። እኛም ከውጭ አገር በመጣ ዘመድ አስመጣናት። ከአዲስ ሌንስ ዋጋ ጋር ስትነጻጸር ዋጋዋ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ከመግዛታችሁ በፊት ግን አንድ ነገር ዕወቁ። እያንዳንዱ ሌንስ ከመቀመጫው እስከ ፊልሙ የተወሰነ ርቀት ይፈልጋል። የዜኒቱ 45.46 ሚሊ ሜትር ነው። መስታወት ባለው የካነን ዲጂታል ካሜራ ላይ ይህ ርቀት 44 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ የቀረችውን ክፍተት ቀጭኗ ቀለበት ትሞላታለች። በዚያው ዓይነት የኒኮን ካሜራ ላይ ግን 46.5 ነው፤ ሌንሱ ከሚገባው በላይ ይርቅና ተራራውን አጥርቶ ማሳየት ያቅተዋል። መስታወት የሌላቸው አዳዲሶቹ ካሜራዎች ከሁሉ ይመቻሉ። የሶኒው ርቀት 18 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ማንኛውንም አሮጌ ሌንስ ለማለት ይቻላል ይቀበላል። ካሜራው "ሌንስ የለብኝም" ብሎ አላነሣም ካላችሁ፣ በማውጫው ውስጥ ያለ ሌንስ እንዲያነሣ የሚፈቅደውን ምርጫ ፈልጉለት።

ሌላም ትርፍ አለ። የካሜራዬ ስሜት ተቀባይ ክፍል ከፊልም ስለሚያንስ የሚይዘው የምስሉን መካከል ብቻ ነው። ስለዚህ 135ቱ በ1.6 ተባዝቶ እንደ 216 ሚሊ ሜትር ያቀርባል።

በአሰላ ያደረግነው ሙከራ

ከአዳማ ተነሥተን ዴራንና ኢተያን አልፈን አሰላ ገባን፤ አዳራችንም እዚያው ሆነ። አሰላ የሻለቃ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ አገር መሆኗን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከከተማዋ በስተ ምሥራቅ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጭላሎ ተራራ ቆሟል። በስተ ምዕራብ ደግሞ መሬቱ ወደ ስምጥ ሸለቆና ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይወርዳል።

መጀመሪያ ሌንሱን ወደ ሸለቆው አዞርኩ። ፎቶው ወተት የፈሰሰበት መሰለ። ጥፋቱ የሌንሱ ብቻ አልነበረም። ሩቅ ስታነሡ በመካከል ያለውን አቧራና ጭጋግ ሁሉ አብራችሁ ታነሣላችሁ። በዚያ ላይ አሮጌ ሌንስ ፀሐይ በፊቱ ስትመጣ ቶሎ ይደበዝዛል። ከጥቁር ካርቶን ጠቅልለን የሠራንለት ጥላ ብዙ ረዳው።

ወደ ማታ፣ 11 ሰዓት ግድም፣ ፀሐይ በዝዋይ በኩል ስታዘቀዝቅና ጭላሎን ፊት ለፊት ስታበራው ወደ ተራራው ዞርን። እዚህ ላይ ሌንሱ ሥራውን አሳየ። በአጭር ሌንስ ከቤቶቹ ኋላ ጉብታ መስሎ የነበረው ተራራ፣ ወደ ኋላ ብዙ ርቀን በረጅሙ ስናየው ከቆርቆሮ ጣሪያዎቹ በላይ ተነሥቶ ቆመ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ከቤቶቹ ስንርቅ ቤቶቹ ያንሳሉ፤ ተራራው ግን ከመጀመሪያውም ሩቅ ስለሆነ አያንስም። ሌንሱ ደግሞ ሁለቱንም ያቀርባቸዋል። በእነዚህ ተራሮች የሚኖረው የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም አይገኝም፤ እሱን ለማንሣት ግን የእኛው ሌንስ ያጥራል። ለአራዊትና ለወፍ 300 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል።

በአርቦዬ የስንዴ ማሳ

በማግስቱ አርቦዬ ደረስን። አርቦዬ የጀጁ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በስተ ሰሜን መሬቱ ወደ አዋሽ ሸለቆ እየወረደ ይሄዳል። ወሩ ኅዳር ነውና ስንዴው በስሏል፤ አንዳንዱ ታጭዷል፣ ሌላው ተከምሯል። እማማ ጭኮ አዘጋጅተው ጠበቁን። የተቆላው ገብስ ከቅቤው ጋር ሲሸት የመንገዱ ድካም ሁሉ ተረሳን።

ከምሳ በፊት፣ 5 ሰዓት ላይ፣ ወደ ማሳ ወጥቼ ከሠላሳ በላይ ፎቶ አነሣሁ። ማታ ስናያቸው አንድም የጠራ አልነበረም። ባለቤቴ ምንም አላለችም፤ ዝምታዋ ግን ገባኝ። ስሕተቴ ሦስት ነበር። አንደኛ፣ ፀሐይ መሬቱን ካሞቀች በኋላ አየሩ እንደ ምጣድ እንፋሎት ይርገበገባል፤ ሩቅ ያለው ሁሉ አብሮ ይርገበገባል። ሁለተኛ፣ በካሜራዋ ቀዳዳ ሲታይ የጠራ የመሰለኝ አልጠራም ነበር። እንዲህ ያሉት ካሜራዎች ራሳቸው እንዲያጠሩ እንጂ ሰው በእጁ እንዲያጠራባቸው አልተሠሩም። ሦስተኛ፣ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

በማግስቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ወጣሁ። ካሜራውን ድንጋይ አጥር ላይ በታጠፈ ጋቢ አስደገፍኩት። በጀርባው ያለውን ስክሪን ከፍቼ ምስሉን 10 ጊዜ አጉልቼ፣ የሌንሱን ቀለበት ቀስ ብዬ አዞርኩ። ጁፒተሩ ሁለት የብርሃን ቀለበቶች አሉት። በአንደኛው ቁጥሩን ትመርጣላችሁ፤ በሁለተኛው ከፍታችሁ ታጠራላችሁ፣ ከዚያ እስከ መረጣችሁት ቁጥር ዘግታችሁ ታነሣላችሁ። 5.6 ወይም 8 ላይ ከ3.5 ይልቅ ይጠራል። ፍጥነቱ ከ1/250 ሰከንድ በታች እንዳይወርድ ተጠንቀቁ። ከስንዴው ክምር አጠገብ የቆመ የአንድ ፈረስ ጋማ ፀጉር በፀጉር ሲወጣ በደስታ ጮህኩ።

በዚያው ጠዋት ግን አንድ ነገር ሆነ። ነዶ የምትሸከም አንዲት ሴት ሌንሱ ወደ እርሷ መዞሩን አየችና ነጠላዋን በፊቷ ላይ ሳበች። አፈርኩ። ረጅም ሌንስ የማያዩንን ሰዎች እንድናይ ያደርገናል፤ ይህ ደግሞ ሁልጊዜ መልካም አይደለም። ካሜራውን አውርጄ ይቅርታ ጠየቅሁና ወደ ቤት ተመለስኩ።

እማማ ሳያዩኝ

እማማ ከግቢው ማዶ፣ በበረንዳው ላይ፣ ሰፌድ ይዘው ስንዴ ይለቅማሉ። ባለቤቴ አጠገባቸው ተቀምጣ ታወራለች። እኔ ከአጥሩ በር ቆሜ ነበር። እማማ ቅንድባቸውን አንሥተው ሳቁ። ያቺን ሳቅ አነሣኋት። ጠርታለች፤ በጣታቸው መካከል ያለችው የስንዴ ፍሬ እንኳ ትታያለች።

ባለቤቴ ስታየው ዐይኗ እንባ ሞላ። ወዲያው ግን "አስፈቅደሃታል?" አለችኝ። አላስፈቀድኩም። የነጠላዋ ሴት ትዝ አለችኝ። ካሜራውን ይዤ ወደ እማማ ሄድኩና "እማማ፣ ሳልነግርዎት አንሥቼዎታለሁ። ካልወደዱት አሁኑኑ አጠፋዋለሁ" አልኳቸው።

ስክሪኑን ትኩር ብለው አዩት። ከዚያ ሌንሱን አዩ፤ በእጃቸውም ዳሰሱት። "ይህቺ የእርሱ ቱቦ አይደለችም እንዴ?" አሉ። መልስ ሳይጠብቁ ወደ ውስጥ ገብተው አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ይዘው ወጡ። ከሥሩ ባለቤቴ እንኳ አይታው የማታውቅ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አወጡ። አንዲት ወጣት ሴት በማሳ ዳር ተቀምጣ፣ ወደ ካሜራው ሳታይ ትስቃለች። ጀርባው ላይ በአባትየው እጅ "አርቦዬ፣ ኅዳር 1975" ተብሎ ተጽፏል።

"ሳላውቅ ነው ከዚያ ማዶ ሆኖ ያነሣኝ" አሉ እማማ። "ሁለት ቀን አኩርፌው ነበር።"

እኔና ባለቤቴ ተያየን። ሁለት ቀን!

"ታዲያ ይህኛው ይጥፋ ወይስ ይቀመጥ?" አልኳቸው።

"ይቀመጥ። ሌላ ጊዜ ግን መጀመሪያ ንገረኝ፤ ከዚያ እስክረሳው ጠብቅና አንሣኝ።"

ውድ አንባቢያን፣ ስለ ሌንስ ከተማርኩት ሁሉ የበለጠው ይህ ነው። ራሱ የሚያጠራ አዲስ ሌንስ ለስፖርትና ለሚሮጥ ሕፃን ይሻላል፤ አልክድም። አሮጌው ግን ያዘገያል። ቀለበቱን ስታዞሩ ትጠብቃላችሁ፤ ስትጠብቁም ሰውየው ካሜራውን ይረሳና ወደ ራሱ ይመለሳል። በቀሩት ሁለት ቀናት እማማን እየነገርኳቸው፣ እስኪረሱም እየጠበቅሁ አነሣኋቸው። ወደ ካሜራው ሳያዩ እጅግ ብዙ ጊዜ ሳቁ።

የትምህርት ቤቱ ክፍያ በጊዜው ተከፈለ። ሁለቱ ፎቶዎች፣ የ1975ቱና የአሁኑ፣ ዛሬ በአንድ ክፈፍ ጎን ለጎን ሳሎናችን ውስጥ ተሰቅለዋል። በሁለቱም ላይ እማማ እማማን ይመስላሉ።

እንግዲህ ቁም ሣጥኑን ክፈቱ። ማኅደሩን ስታገኙት ግን ሌንሱን ለካሜራ ከመግጠማችሁ በፊት ለወላጆቻችሁ አሳዩአቸው። በእርሱ ማንን ያነሡበት እንደነበር፣ ማንስ አኩርፎ እንደነበር ጠይቁአቸው።