ስለ ጮቄና ስለ ጓሳው

በደብረ ማርቆስ ተወልዶ የጮቄን ስም የማያውቅ አይገኝም፤ ራሱ ላይ ወጥቶ ያየው ግን ጥቂት ነው። ከባሕር ወለል በላይ 4,100 ሜትር ገደማ ከፍ ያለው ይህ ተራራ ሙጋን፣ ሱሃን፣ ጨሞጋን፣ ጀደብንና ተምጫን እያፈለቀ ወደ ዓባይ ይሰዳል። ስንጠጣውና ልብሳችንን ስናጥብበት የኖርነው ውሃ ከእርሱ የወረደ ነው።

ጥቂት ጓደኛሞች ሆነን በአንድ በጋ ወጣን። ጓሳና አስታ እናያለን ስንል የገብስ ማሳ እስከ ላይ ድረስ ተከተለን። በትልሙ መካከል አንድ ጅብራ ብቻውን ቆሞ ብናይ፣ ጠበቃ የሌለው ባለጉዳይ መሰለን። ጅብራ በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፤ ለዚያችም አበባ ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ ዘሩን በትኖ ይደርቃል። እንግዲህ ሳያብብ የተቆረጠ ጅብራ ዘር ሳይተካ ሞተ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ገበሬውን መውቀስ ይቀላል። ዳሩ ግን ያ ገበሬ አጎታችን ነው፤ ደብተራችንም የተገዛው በገብሱና በድንቹ ነው። መሬቱ ለልጅ፣ ለልጅ ልጅ ሲከፋፈል ሞፈሩ ወደ ላይ ወጣ እንጂ፣ ብርዱን ወዶ ከደመና ጋር ሊጎራበት የሄደ የለም። (ባሕር ዛፍንም እንዲሁ ያሙታል። ውሃ ይጠጣል መባሉ እውነት አለበት፤ ነገር ግን በምኒልክ ዘመን የመጣው ይህ ዛፍ ምሰሶና ማገዶ ባይሆነን ኖሮ፣ የየደብሩ ጥድና ወይራ እስከ ዛሬ በቆየ ነበርን?)

የተራራው ቆዳ ሲገፈፍ ግን ጉዳዩ የአንድ ገበሬ ብቻ አይሆንም። ጓሳው የክረምቱን ዝናብ እንደ ጋን ይዞ በበጋ ቀስ እያለ ይለቀው ነበር። በታረሰ ተዳፋት ላይ የወረደ ዝናብ ግን አፈሩን ጠርጎ ወደ ዓባይ ይገባል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ለተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ቦንድ የገዛ የጎጃም ገበሬ ብዙ ነው። እነሆ፣ በአንድ እጁ ቦንድ ገዝቶ በሌላው ደለል ይልክለታል።

መፍትሔ ፍለጋ ባሕር ማዶ መሻገር አያስፈልግም። በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ፣ ባላገሩ የጓሳን ምድር ቀሮ በተባለ ሥርዓት ለብዙ መቶ ዓመታት ጠብቆታል። ሣሩ እስኪደርስ ድረስ ለዓመታት ይዘጋል፤ ሲደርስ ይከፈትና ባለመብቱ ሁሉ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ የሚሆነውን ያጭዳል፤ ከዚያም እንደገና ይዘጋል። ጉድለት አልነበረውም አንልም፤ መብቱ የአቅኚዎቹ የአስቦና የጌራ ዘር ነን ለሚሉት ነበርና። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር ቀሮም አብሮ ፈረሰ፤ ጓሳውም ተጎዳ። ኋላ ግን መንዞች በአዲስ ደንብ ተደራጅተው ጥበቃውን መለሱት፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳም ዛሬ በዚያ ይኖራሉ።

ለጮቄ የምንመኘው ይህንኑ ነው። ዘብ ማቆም ብቻውን አያዋጣም፤ በመንዝ የሚያጭደውና የሚጠብቀው አንድ ሰው ነበርና። ይህን ሐሳባችንን ከተራራው ስንወርድ ላገኘናቸው አንድ ሽማግሌ በሰፊው አስረዳናቸው። እሳቸውም በትዕግሥት አድምጠው፣ «ልጆቼ፣ ጓሳውስ ይመለስ፤ ሣሩ እስኪደርስ ቤተሰቤን ማን ያብላልኝ?» አሉን። ጥያቄያቸውን ውሃውን ለምንጠጣውና መብራቱን ለምናበራው ሁሉ፣ በተለይም ለእርሻ ትምህርት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን አስተላልፈናል።