ዘይት ያፈሰሰ የኋላ እግር

በጭነት መኪና የኋላ ጎማ ውስጠኛ ጎን ዘይት ወርዶ ሲታይ ባለቤቱ መጀመሪያ የሚጠይቀው የኦይል ሲሉን ዋጋ ነው። ዋጋው ከሌላው ዕቃ አንጻር ቀላል ነው፤ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ወጣ ብሎ ይገዛል። ስለዚህ «ቶሎ ቀይራትና ዛሬውኑ ልጫን» ይባላል። መካኒኩም ይቀይራል። ብዙም ሳይቆይ ያው እግር ያንኑ ዘይት ያፈሳል፣ ሰውም «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ይላል። ፎርጅድ ዕቃ ገበያ ላይ መኖሩ እውነት ነው። ግን ብዙ ጊዜ ዘይቱን ያስወጣው ሌላ ነገር ነው። ያ ነገር ሳይታይ መኪናው ጭኖ ይወጣል፤ መንገድ ላይ ከፊት ለፊቱ የሚመጣው ሚኒባስ ውስጥ ያሉት ሰዎች ደግሞ ስለዚህ ሁሉ የሚያውቁት የለም። ይህን የምጽፈው በእነሱ ምክንያት ነው።

ከአይሱዙ ጀምሮ እስከ ሲኖትራክ ባሉት የጭነት መኪኖች የኋላ አክስል ክብደት አይሸከምም፤ ሥራው ማዞር ብቻ ነው። ጭነቱ የሚያርፈው በአክስሉ ቤት ላይ ነው። በቤቱ ጫፍ ጎማው የሚታሰርበት ሞዞ ተቀምጧል፣ በሞዞውና በቤቱ መካከል ደግሞ ሁለት ኩሽኔታዎች አሉ። መካኒክ ጎማውን ሳያወልቅ ብሎኖቹን ፈትቶ አክስሉን ስቦ ማውጣት የሚችለው ለዚህ ነው። እንግዲህ ሲሚንቶውም፣ ስንዴውም፣ ብረቱም ስንት ኩንታል ቢሆን መጨረሻ ላይ የሚያርፈው በኩሽኔታዎቹ ውስጥ ባሉት ትንንሽ ሮለሮች ላይ ነው። ሮለሮቹ ሾጣጣ የሆኑት ከላይ የሚጫናቸውን ክብደት ብቻ ሳይሆን በኩርባ ላይ ወደ ጎን የሚገፋውን ኃይልም እንዲችሉ ነው። ሄንሪ ቲምከን የተባለው አሜሪካዊ ሠረገላ ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1898 የሾጣጣ ሮለር ኩሽኔታ ፓተንት ያገኘው ይህንኑ ችግር በፈረስ ሠረገላ ላይ አይቶ ነው። መኪናው ተለወጠ እንጂ ሐሳቡ ያው ነው።

ዘይቱ ለምን ይወጣል? ብዙ ጊዜ ሳይታይ የሚታለፈው ምክንያት የዲፍረንሻሉ መተንፈሻ ነው። ከአክስሉ ቤት አናት ላይ ያለች ትንሽ ቀዳዳ ናት። ዲፍረንሻሉ ሲሠራ ይሞቃል፣ ውስጡ ያለው አየርም ይለጠጣል፤ መውጫው ያቺ ቀዳዳ ናት። በጭቃና በአቧራ ከተደፈነች አየሩ የሚሄድበት ስለሚያጣ ዘይቱን በኦይል ሲሉ ከንፈር በኩል ገፍቶ ያስወጣዋል። እንዲህ በሆነ መኪና ላይ አዲስ ኦይል ሲል ቢገባ ዕድሜው አጭር ነው። መተንፈሻውን ማጽዳት የደቂቃዎች ሥራ ሆኖ ሳለ ሞዞ ሲፈታ እንኳ ቀና ብሎ የሚያየው ሰው ጥቂት ነው። ዘይቱ ከልኩ በላይ ተሞልቶም ሊሆን ይችላል። የኦይል ሲሉ ከንፈር የሚያርፍበት ብረት ቦይ አውጥቶም ሊሆን ይችላል፤ ጥፍር ሲሄድበት ይታወቃል። ወይም ደግሞ ኩሽኔታው ስለላላ ሞዞው ይወዛወዛል፣ ከንፈሩም ሊከተለው አይችልም።

የወጣው ዘይት መሬት ላይ ብቻ ቢንጠባጠብ ኪሳራው ቀላል ነበር። ግን ወደ ታምቡሩ ገብቶ የፍሬን ሸራውን ያርሰዋል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ መኪና ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ከኋላ እግሮቹ የአንዱ ሸራ ዘይት ጠጥቶ ከሆነ ያ እግር አይይዝም፤ የቀሩት የእሱን ሥራ ጨምረው ይሠራሉ፣ ይግላሉ፣ ግለውም መያዝ ይቀንሳሉ። ዘይት የጠጣን ሸራ በቤንዚን አጥቦ መመለስ የተለመደ ነው፤ እኔ በጽኑ እቃወመዋለሁ። ላዩ ደረቅ ይመስላል እንጂ ቁልቁለት ላይ ሲግል ውስጡ የቀረው ዘይት ተመልሶ ይወጣል። መጣል አለበት፣ ያውም የግራና የቀኙ አብሮ። በአንድ በኩል አዲስ፣ በሌላ በኩል አሮጌ ሸራ ያለው መኪና ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን ይጎትታል።

ሞዞው ከወጣ በኋላ አሮጌውን ኩሽኔታ ቶሎ አትጣሉት። በናፍታ አጥባችሁ በጨርቅ አድርቃችሁ እዩት። በኮምፕሬሰር አየር እያሽከረከሩ ማድረቅ ልጆች የሚወዱት ነገር ነው፤ አደገኛ ስለሆነ ይቅር። ያለ ቅባት በፍጥነት የሚዞር ኩሽኔታ ይጫጫራል፣ ሮለሩም ተፈናጥሮ ሰው ሊመታ ይችላል። ሮለሮቹ ወይም የውጭ ቀለበቱ ተልጠው ጉድጓድ ካወጡ ብረቱ ደክሟል ማለት ነው። ወደ ሰማያዊ ያደላ ቀለም ካለ ከመጠን በላይ ግሏል። ዝገት ከታየ ውሃ ገብቷል፤ በክረምት ወንዝ ውስጥ የሚያቋርጥ መኪና ላይ ይህ ያጋጥማል። እነዚህን ምልክቶች ለማንበብ ዓይን እንጂ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ጥሩ መካኒክ የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። አዲሱ ሲገባ የውጭ ቀለበቱም አብሮ መቀየር አለበት። «ቀለበቱ ደህና ነው፣ ይቆይ» ማለት አዲሱን ሮለር አሮጌ መንገድ ላይ ማስሮጥ ነው። ቀለበቱን በመዶሻ በቀጥታ መምታትም አይገባም፤ ጠንካራ ብረት ስለሆነ ስባሪው ዓይን ያጠፋል። ነሐስ ወይም ለስላሳ ብረት መካከል ይግባ፣ ዙሪያውን በእኩል እየተመታ ይቀመጥ።

አሁን ኩሽኔታዎቹንና ሞዞውን ወደሚያስረው ዳዶ እንምጣ፤ ከሁሉ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ባለቤቱ አጠገብ ቆሞ «ጠበቅ አድርጋት እንጂ ወንድሜ፣ እንዳትወልቅብኝ» ይላል። መካኒኩ ደንበኛውን ላለማስቀየም በረጅም ቱቦ ያጠብቃል። ሁለቱም ለመልካም አስበው ነው፤ ግን ኩሽኔታ ልክ ከማጣት ይቃጠላል። ሲሠራ ብረቱ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ይለጠጣል፤ ቦታ ካልተተወለት ሮለሮቹ ቅባቱን ጨፍልቀው ብረት በብረት ይፋተጋሉ። ከአዋሽ ወዲያ በሚሌና በሰመራ አድርጎ ወደ ጋላፊ በሚወስደው መንገድ አየሩ ራሱ እሳት ነው፤ ጠብቆ የወጣ ኩሽኔታ እዚያ ምሕረት የለውም። ሞዞው ግሎ ጎማ እስከ ማቃጠል ይደርሳል፣ ወይም ዳዶው ተበልቶ ጎማው ከነሞዞው ተነቅሎ ይሄዳል።

የሚፈለገው ክፍተት ምን ያህል ነው? በአሜሪካ በትልልቅ የጭነት መኪኖች ጥገና የሚሠራበት ልክ ከ0.025 እስከ 0.127 ሚሊ ሜትር ነው፤ የራስ ፀጉር ውፍረት እዚያ መካከል ይገባል። ይህ በእጅ ወዝውዞ የሚታወቅ አይደለም፣ ዳያል ጌጅ ይጠይቃል። አሠራሩም ሞዞውን እያዞሩ መጀመሪያ በደንብ ማጥበቅ ነው፤ ሮለሮቹ ቦታቸውን የሚይዙት በዚህ ነው። ከዚያ ሙሉ በሙሉ ማላላት፣ እንደገና በትንሽ ኃይል ማጥበቅ፣ በመጨረሻም ከሙሉ ዙር ጥቂቱን መልሶ ቆልፎ መለካት። ሞዞው ሳይዞር የጠበቀ ዳዶ ውሸት ይናገራል። አንዳንድ አምራቾች ክፍተት ሳይሆን ሞዞው ለመዞር የሚጠይቀውን ኃይል በስፕሪንግ ሚዛን እንዲለካ ያዝዛሉ፤ የየመኪናውን መጽሐፍ መከተል ነው።

ጋራዦቻችን ውስጥ ከመኪና ሥር ተኝተው ይህን የሚሠሩት ልጆች ብዙዎቹ ሙያውን የተማሩት ከታላላቆቻቸው እጅ ነው። በድምፅና በመዳሰስ የሚያውቁት ነገር ያስደንቀኛል። የሚጎድላቸው ጊዜና መለኪያ ነው፣ ሁለቱንም የሚሰጠው ደግሞ ባለቤቱ ነው። አንድ ቀን ያልተጫነ ጭነት ያስቆጫል፣ አውቃለሁ፤ የመኪና ብድር ያለበት ሰው ቀን መቁጠሩ አይፈረድበትም። ቢሆንም ለዳያል ጌጅ የሚወጣው ገንዘብ ከአንድ የተቃጠለ ጎማ ዋጋ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው፤ ጋራዡ ከሌለው ባለመኪኖቹ አዋጥተው ቢገዙለት አይከፋቸውም።

ሾፌሮች ሆይ፣ ለእናንተም አንድ ልመና አለኝ። ሞዞው ተፈትቶ በተገጠመ ማግስት የመጀመሪያው ሻይ ላይ ስትቆሙ ወርዳችሁ በግራና በቀኝ የኋላ ሞዞ ላይ የእጃችሁን ጀርባ ቀረብ አድርጋችሁ ሞክሩ፤ መጀመሪያ አትንኩ፣ ሊያቃጥል ይችላል። ሁለቱም ሞቅ ማለታቸው ያለ ነው። አንዱ ከሌላው ለይቶ የሚፋጅ ከሆነ ሻዩ ይቆይና ረዳቱ ክሪኩን ያውርድ።