«የታሸገ ይሁን አደራ!»

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ፍቅር አይደለም፤ ስለ ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ ሰው አገር ሲሄዱበት ስንት እንደሚያስከፍል እኔን ጠይቁኝ።

እ.ኤ.አ. በ2024 ዱባይ ሦስት ቀን ቆይቼ ነበር። ስነሳ አክስቴ የእቁብ ብሯን መንዝራ 300 ዶላር በመሐረብ ቋጥራ ሰጠችኝ። «ልጁ ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ነው፤ ስልክ አምጪለት። የታሸገ ይሁን አደራ!» አለችኝ።

ዴይራ ወረድኩላችሁ። ባንያስ አደባባይ አካባቢ ሱቁ በሱቅ ላይ ነው፤ ሻጩ ሁሉ «ሲስተር! ሲስተር!» እያለ ይጠራል። አንዱ ጋ ገባሁና ተከራክሬ በ1,000 ድርሃም ተስማማን። (በነገራችን ላይ አንድ ዶላር ከ1997 ጀምሮ በ3.67 ድርሃም የተወሰነ ነው። «ዛሬ ዶላር ወርዷል» የሚላችሁን አትስሙ።)

ካርቶኑ በላስቲክ ተጠቅልሏል። ውስጤ «ክፈቺው! አብሪው!» ይለኛል። ግን ከኋላዬ ሦስት ሰዎች ቆመዋል። ስልክ አይታ የማታውቅ እንዳይሉኝ ፈራሁ። እንደ ሰለጠነ ሰው ፈገግ ብዬ፣ አመስግኜ ወጣሁ። ስማቸውን እንኳ ለማላውቃቸው ሦስት ሰዎች ስል!

ማታ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ከፈትኩት። ስልኩ በራ፣ ቋንቋ ጠየቀኝ። ከዚያስ? ቀድሞ የተከፈተበትን የጉግል አካውንት አስገቢ አለኛ! ክው አልኩ። ለካ አዲስ አይደለም፤ የሌላ ሰው ስልክ ታጥቦ፣ ታሽጎ የተሸጠ ነው። ባለቤቱ ሽጦት ይሁን ተሰርቆበት እግዜር ይወቅ። ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞረም።

በማግስቱ እዚያው የምትሠራ አብሮ አደጌ ይዛኝ ሄደች። ሻጩ የማያውቀኝ መሰለ። ደረሰኙን ሳወጣ በእጅ የተጻፈ፣ የስልኩ መለያ ቁጥር የሌለበት ወረቀት ነው። «ምነው አንቺ፣ *#06# ብለሽ ከካርቶኑ ቁጥር ጋር አታስተያዪም?» ብላ ተቆጣችኝ። ከዚያ ዞራ በአረብኛ አወረደችበት። የሸማቾች ጥበቃ የሚል ነገር ስትጠራ ሰውዬው ለዘብ አለ። ብዙ ከተነታረክን በኋላ 600 ድርሃም መለሰልኝ። 400ው በዚያው ቀረ።

ሌላ ሱቅ ገባንና 1,000 ድርሃም የሚሸጥ አገኘን፤ የጎደለውን ለራሴ ጫማ ካስቀመጥኳት ሞላሁ። አሁንማ ማን ይፈራል! ካርቶኑን ባንኮኒው ላይ ቀደድኩ፣ አበራሁ፣ ሲም ከተትኩ፣ ደወልኩ፣ ፎቶ አነሳሁ። ቻርጀሩ የእንግሊዝ ባለ ሦስት እግር ነበርና የእኛን ሶኬት የሚገባ አስጨመርኩ። ፓስፖርቴን አሳይቼም የቱሪስት የታክስ ተመላሽ አስመዘገብኩ። ዱባይ ከ2018 ጀምሮ 5 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ትሰበስባለች፤ ሱቁ በተመላሹ አሠራር ከታቀፈና ግዢው ከ250 ድርሃም ካላነሰ፣ መንገደኛ ኤርፖርት ላይ አብዛኛውን ያስመልሳል። በእጅ በተጻፈችው ወረቀት ቢሆን ማን ይሰጠኝ ነበር? ለራሴ የገዛኋትን ፓወር ባንክ ደግሞ በእጅ ቦርሳዬ ያዝኩ፤ በሚጫን ሻንጣ ክልክል ነው።

አዲስ አበባ ገብቼ ዕቃውን ለአክስቴ አስረከብኩ። ስለ 400ው ድርሃም ትንፍሽ አላልኩም። አገላብጣ አየችው፣ ካርቶኑን በጣቷ ዳሰሰችና ቀና ብላ አየችኝ።

«ልጄ፣ የታሸገ ብዬሽ አልነበር? ላስቲኩ የታለ?»