ከ0 እስከ 10

እናቴን «አመመሽ?» ብሎ መጠየቅ ትርፉ ድካም ነው። መልሷ አንድ ነው፤ «ተመስገን»። ሁለት ዓመት ሙሉ ግድግዳ እየተደገፈች ስትሄድ እንኳ «ተመስገን» ነበር። በመጨረሻ ዲስኩ ነርቧን ተጭኖ እግሯ ሲደነዝዝ ነው ለወገቧ ኦፕሬሽን እሺ ያለችው።

ከኦፕሬሽኑ በፊት የሰመመን ሐኪሟ ስለ ህመም ማስታገሻው ነገረችን። እኔ ሶፍትዌር ነው የምሠራው፤ «እንዴት ነው የሚሠራው?» ሳልል አላልፍም። አከርካሪን ግራና ቀኝ ደግፎ የያዘ ረጅም ጡንቻ አለ፤ ኢሬክተር ስፓይኒ ይባላል። በአልትራሳውንድ እያዩ መርፌውን ከጡንቻው ስር፣ የአከርካሪው የጎን አጥንት ላይ ያደርሱና ማደንዘዣ ይለቃሉ። መድኃኒቱ በጡንቻውና በአጥንቱ መካከል ተሰራጭቶ ወደ ጀርባ የሚሄዱትን ነርቮች ያገኛል። ዘዴው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው በህክምና መጽሔት የወጣው። ጥቅሙ እንደ ሞርፊን ያሉ፣ የሚያቅለሸልሹና የሚያፈዙ መድኃኒቶችን መቀነሱ ነው።

ገባኝ። ማደንዘዣው የነርቩን የሶዲየም በር ይዘጋል፣ የቁስሉ መልእክት አንጎል አይደርስም። ሰርቨሩ እንደተበላሸ ነው፤ የጠፋው አለርቱ ነው።

«ግን ለሰዓታት ነው» አለች ዶክተሯ። «ሲለቅ ህመሙ በአንዴ ሊመጣ ይችላል። ሳይብስባችሁ ንገሩን።»

ማታ እናቴ ሾርባ ጠጣች፣ በስልክ ከአክስቴ ጋር ሳቀች። ሲስተሯ መጥታ «ህመሙ ከ0 እስከ 10 ስንት ነው?» አለቻት።

«ተመስገን።»

«2 ይሆናል» አልኩ እኔ ቀደም ብዬ። ሲስተሯም ጻፈችው።

ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነቃሁ። እናቴ የአልጋውን ብረት ጨብጣለች፤ ግንባሯ በላብ ርሷል። ድምፅ የለም።

«እማዬ፣ አመመሽ?»

«ተኛ ልጄ፣ ነገ ሥራ አለብህ።»

«ካልነገርሽን ማንም አያውቅልሽም እኮ። ቁጥሩን ብቻ ንገሪኝ።»

ዝም አለች። ከዚያ ነውር እንደሚናገር ሰው ቀስ ብላ፣ «8» አለች።

ሮጥኩ። መድኃኒት ተሰጣት፤ ቆይቶ እንቅልፍ ወሰዳት። እኔ ግን አልተኛሁም። ያ ሁለት ዓመት ስንት ነበር? ስንት ቀን ነው በእሷ ፈንታ «2» ብዬ ያለፍኩት?

አሁን ስደውል «ደህና ነሽ?» ማለት ትቻለሁ። «ስንት ነው?» ነው የምላት።

«3» ትለኛለች፤ «ተመስገን።»