የኪራይ መኪና ቁልፍ አማና ነው



ውጭ አገር ሄዶ መኪና መከራየት ሲነሳ ሰዉ ሁለት ቦታ ይከፈላል። ግማሹ "የሀብታም ነገር ነው፤ ለእኛ አይሆንም" ይላል። ሌላው ደግሞ ቁልፉን እንደተቀበለ መሪ ይዞ ፎቶ መለጠፍና ፍጥነት መሞከር ይመስለዋል። ሁለቱም ነገሩን አላገኙትም። የኪራይ መኪና የሰው ንብረት ነው፤ ውስጡ የተቀመጡት ደግሞ የእናንተ ሰዎች ናቸው። እኔ ይህን በደንብ የተረዳሁት እናቴን ይዤ ከጅዳ ወደ መዲና፣ ከመዲና ወደ መካ በነዳሁ ጊዜ ነው። የሚጠቅማችሁን ላካፍላችሁ።

የምሠራው ዱባይ ነው። እናቴ ከደሴ ለዑምራ ስትመጣ ጅዳ አውሮፕላን ማረፊያ ተገናኘን። ዘመዶቻችን በሙሉ "በባቡር ሂዱ" ነበር ያሉን። እውነት ነው፣ በ2018 የተከፈተው የሐረመይን ባቡር በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ይሮጣል፤ መካና መዲናን በሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ ያገናኛል። ለብዙ ሰው ከመኪና ይሻላል፤ እኔም ብቻዬን ብሆን በእሱ ነበር የምሄደው። እናቴ ግን ጉልበቷን ያማታል፤ በየሰዓቱ ወርዳ እግሯን ማፍታታት አለባት። ከዚህ ሌላ ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ የያዘችው አንድ ምኞት ነበራት፤ በድርን ማየት። ባቡሩ በበድር አያልፍም። መኪና የተከራየነው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ወረቀቱን እንጨርስ። እኔ የኤምሬትስ መንጃ ፈቃድ ስላለኝ ችግር አልገጠመኝም። በአገር ቤት መንጃ ፈቃድ መንዳት የምታስቡ ግን ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የምትሄዱበት አገር ፈቃዳችሁን ይቀበል እንደሆነ አጣሩ፤ አከራዩም ይቀበል እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ። አንዳንድ ሰው ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ የሚባለውን ራሱን የቻለ ፈቃድ አድርጎ ያየዋል። አይደለም። በ1949 የጄኔቫ እና በ1968 የቪየና ስምምነቶች መሠረት የሚሰጥ የዋናው ፈቃድ ትርጉም ነው። በ1949ኙ የሚሰጠው ለ1 ዓመት፣ በ1968ቱ የሚሰጠው ቢበዛ ለ3 ዓመት ያገለግላል። ዋናው ከጎኑ ከሌለ ዋጋ የለውም። በኢንተርኔት ገንዘብ ተቀብለው "ፈቃድ እናወጣላችኋለን" የሚሉትን ተጠንቀቁ፤ የሚሰጠው ዋናውን ፈቃድ ባወጣችሁበት አገር ሥልጣን ያለው አካል ብቻ ነው።

ሁለተኛው ገንዘቡ ነው። ማስታወቂያው ላይ የምታዩት የቀን ኪራይ የመጨረሻው ዋጋ አይደለም። አብዛኞቹ አከራዮች በአሽከርካሪው ስም የሆነ ክሬዲት ካርድ ይፈልጋሉ፤ ከዚያ ላይ መያዣ ያግዳሉ። ያ ገንዘብ መኪናው ከተመለሰ በኋላም ለቀናት ሊታገድ ይችላል። ስለዚህ ለሆቴልና ለምግብ ያሰባችሁትን ብር በዚያው ካርድ ላይ አታስቀምጡ፤ ሰው አገር እጅ ያጥራል።

ውሉን አንብቡ። እኔ ጠረጴዛው ላይ ቆሜ ሳነብ ከኋላዬ ያለው ሰው ተንፍሶ ነበር፤ ግድ አልሰጠኝም። የጠየቅኩት አምስት ነገር ነው። በቀን ስንት ኪሎ ሜትር ይፈቀዳል፣ ሲያልፍ በኪሎ ሜትር ስንት ነው? ነዳጁ እንዴት ይመለሳል? ሌላ ሰው ቢነዳ ኢንሹራንሱ ይሸፍነዋል? አደጋ ቢደርስ ከኪሴ የሚወጣው ከፍተኛው ገንዘብ ስንት ነው? ጎማና መስታወት በኢንሹራንሱ ውስጥ አሉ? የመጨረሻው ቀላል ይመስላል። ግን ብዙ ቦታ "ሙሉ ኢንሹራንስ" የሚባለው ጎማን፣ ቸርኬንና መስታወትን አይጨምርም። የኪሎ ሜትሩም ነገር እንዲሁ ነው፤ ከጅዳ መዲና ወደ 400፣ ከመዲና መካ ወደ 450 ኪሎ ሜትር ስለሆነ የቀኑ ገደብ ትንሽ ከሆነ ሒሳቡ ይቆለላል።

በፊቅህ የተከራይ እጅ የአማና እጅ ነው ይባላል፤ ካላጠፋና ችላ ካላለ አይጠየቅም፣ ካጠፋ ግን ይከፍላል። ይህ ሁለቱንም ወገን ይጠብቃል። ግን ማን እንዳጠፋ የሚለየው ማስረጃ ነው። ስለዚህ ቁልፉን ከመቀበሌ በፊት መኪናውን ዙሪያውን በስልኬ ቀረጽኩት፤ አራቱንም ቸርኬ፣ ፓራውልቱን፣ የፊት መስታወቱን፣ ኪሎ ሜትር ቆጣሪውንና የነዳጁን መጠን። ስኮርታና ክሪክ መኖሩንም ከፍቼ አየሁ። በቀኝ በኩል የኋላው በር ላይ አንዲት ጭረት ነበረች፤ በውሉ ላይ እንድትመዘገብ አደረግኩ። እናቴ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ታየኝና "ልጄ፣ ልትገዛው ነው እንዴ?" አለችኝ።

የጉዞ ዱዓችንን አድርገን ወጣን። ሳዑዲ እንደ አገራችን በቀኝ ነው የሚነዳው፤ ለዚህ አልተቸገርኩም። መንገዱ ሰፊና ቀጥ ያለ ነው፤ ፈተናውም እሱ ነው። እግር ሳይታወቀው ነዳጁን ይረግጣል። "ሳሂር" የሚባሉት ካሜራዎች ከ2010 ጀምሮ አሉ፤ ቅጣቱ በመኪናው ሰሌዳ ተመዝግቦ በውሉ በኩል ወደ ተከራዩ ይመጣል። ነዳጅ ስትሞሉ ደግሞ አረንጓዴው 91፣ ቀዩ 95 ነው፤ የትኛው እንደሚስማማው በነዳጅ መክፈቻው ክዳን ላይ ይጻፋል። በራቢግ በኩል አልፈን ዐስር ላይ በድር ገባን። እናቴ የ14ቱ ሸሂዶች ስም የተጻፈበት ድንጋይ ጋ ስትደርስ ዝም አለች። ስሞቹን አነበብኩላት፤ በየስሙ "ረዲየላሁ ዐንሁ" እያለች ጣቷን ታጥፍ ነበር። ስጨርስ "አሁን ብሞት ግድ የለኝም" አለችኝ። እኔ ግን ግድ ነበረኝ፤ ገና 150 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀረናል፣ ፀሐይዋም ልትጠልቅ ነው።

ከመግሪብ በኋላ ስልኬ መጮህ ጀመረ። መዲና የሚኖረው የአክስቴ ልጅ እራት አስቀርቦ ይጠብቀናል፤ "ዒሻን ሐረም ድረሱ፣ መንገዱ ባዶ ነው፣ ትንሽ ጨምር" ይላል። ፍቅሩ ነው፤ ክፋት የለውም። እኔ ግን ከሌሊት ጀምሮ አልተኛሁም፤ ዓይኔ እየከበደ ነበር፣ ያለፍኩትንም የመንገድ ምልክት ማስታወስ አቅቶኛል። በዚያ በረሃ ግመል ወደ አስፋልት እንደሚወጣ ማስጠንቀቂያው በየቦታው ተተክሏል፤ በጨለማ ውስጥ ግመል የሚታየው በጣም ከቀረበ በኋላ ነው። ሙዚቃ፣ መስኮት መክፈት፣ ቡና... ማንኛውም ሾፌር እንደሚያውቀው እንቅልፍን ትንሽ ያስታግሱታል እንጂ አያባርሩትም። የሚያባርረው እንቅልፍ ብቻ ነው።

ማደያ አገኘሁና ቆምኩ። መስጊድም ሱቅም ነበረው። ለመንገደኛ አላህ አቅልሎለታል፤ መግሪብና ዒሻን አንድ ላይ፣ ዒሻን አሳጥረን ሰገድን። ከዚያ ለአክስቴ ልጅ ደውዬ "እራቱን ብሉት፣ እኛ እንዘገያለን" አልኩት። ቅር አለው፤ "እናትህን መንገድ ላይ ልታሳድር ነው?" ብሎ ስልኩን ዘጋው። እውነቱን ለመናገር ቃሉ አመመኝ። እናቴ ሰምታ ኖሮ "አብሽር፤ የነቢዩን ከተማ ተሸክመውን ከምንገባ ዘግይተን በእግራችን ብንገባ ይሻላል። ተኛ" አለችኝ። ወንበሩን አጋድሜ አርባ ደቂቃ ተኛሁ። እሷ ተስቢሕ ይዛ ጠበቀችኝ። መዲና ስንገባ እኩለ ሌሊት ሊሆን ነበር፤ የአክስቴ ልጅ በር ላይ ቆሞ አገኘነው፤ እራቱንም አልበላውም።

ይህን ነጥሎ መናገር የፈለግኩት ለምንድን ነው? ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ የሚያጣድፈን ፖሊስ ወይም ቀጠሮ አይደለም፤ የሚወዱን ሰዎች ናቸው። "የት ደረስክ?" የሚለው ስልክ ነው። ሾፌር ሲደክመው "አልችልም" ማለት ወንድነቱን የሚቀንስበት ይመስለዋል። እናንተም የሚነዳ ሰው ስትጠብቁ "ቀስ ብለህ ና" በሉት፤ በየአሥር ደቂቃው አትደውሉለት።

ከሦስት ቀን በኋላ ዙልሑለይፋ ላይ ኢሕራም አድርገን ወደ መካ ተጓዝን። ኢሕራም ላይ ያለ ሰው የመኪና ቀበቶ ማሰሩ ኢሕራሙን አይነካም፤ "ልብሱ ይበላሻል" ብሎ የሚፈታ አይቻለሁና ነው። መካ ውስጥ እስከ ሐረም በር በመኪና ለመድረስ አትሞክሩ። እንደ ኩዳይ ባሉ መኪና ማቆሚያዎች ትታችሁ በአውቶቡስ ግቡ፤ ጊዜም ልብም ይተርፋችኋል።

መኪናውን ስመልስ የተረከበኝ ሠራተኛ ዞር ዞር ብሎ "ይህች ጭረት አዲስ ናት፣ ከመያዣው ይቆረጣል" አለ። ያችው የኋላ በር ላይ ያለችው ናት። አልጮህኩም። ውሉ ላይ የተመዘገበችበትን መስመር አሳየሁት፤ የመጀመሪያውን ቀን ቪዲዮም ከፈትኩለት። አይቶ ምንም ሳይል ፈረመ። መያዣው ሙሉ በሙሉ ተመለሰልኝ። ማስረጃ ባይኖረኝ ኖሮ ወይ እከፍል ነበር፣ ወይ ኡምራዬን በጭቅጭቅ እዘጋው ነበር።

ለሌላ አገርም መሠረቱ ይኸው ነው። ዱባይ ላይ በ"ሳሊክ" በሮች ባለፋችሁ ቁጥር ክፍያው በራሱ ይመዘገባል፤ ቱርክ ላይ "ኤችጂኤስ" የሚባለው አለ፤ በኋላ ሒሳብ ሲመጣ አትደንግጡ። ኬንያ፣ ታንዛኒያ፣ ማሌዥያና እንግሊዝ በግራ ነው የሚነዳው፤ ከመንገዱ ይልቅ አደባባዩና የመጀመሪያው መታጠፊያ ነው የሚያሳስተው፤ ስለዚህ ከአውሮፕላን ወርዳችሁ በዚያው ድካም አትንዱ። አደጋ ከደረሰ፣ ትንሽም ቢሆን፣ በስምምነት ተጨባብጣችሁ አትለያዩ፤ የፖሊስ ወይም የሚመለከተው አካል ሪፖርት ከሌለ ኢንሹራንሱ ላይከፍል ይችላል። ሳዑዲ ውስጥ ይህን ለኢንሹራንስ መኪናዎች የሚሠራው "ነጅም" የሚባለው ድርጅት ነው።

ደግሞም ጥፋቱ የእናንተ ከሆነ ማንም ባያይም ተናገሩ። ቪዲዮው የሚጠብቀው እናንተን ብቻ ከሆነ አማና አይባልም።

አላህ መንገደኞቻችንን ሁሉ በሰላም ያድርስልን፤ ወላጆቻችንንም የተመኙትን ቦታ ለማሳየት ያብቃን። አሚን። የሚጓዝ ወንድም ወይም እህት ካላችሁ ይህን አድርሷቸው።